የቤት ኮምፒውተር ጥገናና የፊደላችን ታሪክ

የቤት ኮምፒውተር ሲታመም በአገራችን በየከተማው የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ ይኸውም «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ በቢቸናም ሆነ በእኛው በዲማ፣ መኪናው ቢዘገይ፣ ቫይረስ ቢገባበት፣ ጽሑፉም አልነበብ ቢል፣ መልሱ ያው ነው። እኛ የዘንድሮ ተፈታኞች በዚህ የትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ልንጽፍ የመረጥነው ስለዚሁ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ያድናል። ነገር ግን በእኛ አገር ዋጋው ከፍ ያለ ሆኖ ኖሯል፤ የዋጋውም ምክንያት በፊደላችን ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ጽሑፋችን የታሪክ ጽሑፍ ነው፤ የጥገናው ነገር በታሪኩ መካከል እየገባ ይነገራል። ዘመናቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በአገራችን አቆጣጠር ስንናገር ግን «ዓ.ም.» ብለን እንለያለን።

አስቀድመን ሥርዓተ ክወና፣ በተለምዶ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፣ ምን እንደ ሆነ እንናገር። ለወላጆቻችን ለማስረዳት ስንል ብዙ ምሳሌ ፈልገን ነበር፤ ለዲማ ሰው ግን ከገዳም ሥርዓት የሚቀርብ አላገኘንም። በገዳም መጋቢ አለ፤ እህሉን ይሰፍራል፣ ሥራውን ያከፋፍላል፣ እንግዳ ሲመጣ ማረፊያ ይሰጣል። ዕቃ ቤት የሚባለውም አለ፤ መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን ቈልፎ ይጠብቃል፣ የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ሣጥን እንዳለ እርሱ ያውቃል። በኮምፒውተር ውስጥ የሁለቱንም ሥራ የሚሠራው ሥርዓተ ክወና ነው። የማስታወሻውን ቦታ ለየፕሮግራሙ ያከፋፍላል፤ ፋይሎቹን በሀርድ ዲስክ ላይ አስቀምጦ መዝገብ ይይዝላቸዋል፤ ኪቦርድ ሲነካ የትኛው ፊደል እንደ ተመታ ይቀበላል፤ ፊደሉንም በስክሪኑ ላይ ይሥላል። ዊንዶውስና ሊኑክስ የሚባሉት የዚህ መጋቢ ልዩ ልዩ ዓይነቶች ናቸው። ፎርማት አድርጎ እንደ ገና መጫን ማለትም መዝገቡን ፍቆ፣ መጋቢውንና ዕቃ ቤቱን አሰናብቶ፣ በምትካቸው አዳዲሶችን መሾም ነው። አዲሱ ሹም ቤቱን በንጽሕና ይረከባል፤ ነገር ግን የቀድሞው የሚያውቀውን አያውቅም።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ። ዲማ ጊዮርጊስ በምሥራቅ ጎጃም ከታወቁት የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ዲማ ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸውም ዲማን የታሪኩ ስፍራ አድርገውታል። ያን የ1958 ዓ.ም. እትም ዛሬ ከመደርደሪያ አውርዶ ለማንበብ ዓይንና ብርሃን ብቻ ይበቃል። ከእርሱ በፊት በብራና የተጻፉትም እንዲሁ ናቸው፤ የጻፋቸው እጅ አፈር ከሆነ በኋላ እንኳ ይነበባሉ። በ1988 ዓ.ም. በኮምፒውተር የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ ግን፣ ፋይሉ አንዲት ነጥብ ሳይጐድልበት ተቀምጦ ሳለ፣ ዛሬ የማይነበብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከሁለቱ አዲሱ ቀድሞ ያረጀው ስለ ምን ይሆን?

ምክንያቱ ከቍጥር ይጀምራል። እንግሊዝኛ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ደምሮ በ52 ምልክት ይጻፋል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ቤት ሲቈጠሩ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ቋ፣ እንደ ጓ፣ እንደ ሏ ያሉት ዲቃሎች፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 የግዕዝ ቍጥሮች፣ አራት ነጥቡና ድርብ ሰረዙም ሲጨመሩ ቍጥሩ ከ256 ያልፋል። ይህ 256 የተባለው ቍጥር በኋላ ብዙ መከራ ስላመጣ አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን።

የቍጥሩ ችግር በኮምፒውተር አልተጀመረም። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙት ኢንጂኒየር አያና ብሩ የታወቁ ናቸው፤ እርሳቸውም ሌሎቹም መኪና ሠሪዎች ፊደሉን ሁሉ በመኪናው ላይ ለማስፈር ስላልተቻላቸው ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ እየመቱ አንዱን ፊደል ከሁለት ቍራጭ መገጣጠም ግድ ሆነ። መልኩ አላማረም፤ ሆኖም አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ከተመታ በኋላ ወረቀቱ ለማንም ይነበብ ነበር። ወረቀት ሥርዓተ ክወና የለውም።

በ1981 አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ አብሮት የመጣው ዶስ የተባለው ሥርዓት ነበር። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ለአንድ ፊደል የሚመድበው አንድ ባይት ሲሆን፣ አንድ ባይት የሚይዘው 256 ልዩ ልዩ ቍጥር ብቻ ነው። ከዚያም ግማሹ፣ ማለት 128ቱ፣ ለላቲን ፊደልና ለመኪናው የትእዛዝ ምልክቶች ተይዟል። ለእኛ ፊደል የተረፈው ቦታ እንደማይበቃ ከላይ ቈጥረናል። ይህን ጠባብ በር ለማለፍ አስቀድመው የታገሉት በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ፍሥሐ አጥላው ዳሽን በተባለው ሥራቸው፣ ዶክተር አበራ ሞላም ሞድኤት በተባለው ፕሮግራማቸው በ1980ዎቹ ዓመታት አማርኛን በዶስ ላይ አስጽፈዋል። ዶክተር አበራ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ጥበብ ሁልጊዜ ከታሰበለት ቤት እንደማትወጣ ይህ ያሳያል፤ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ለማንኛውም ሙያ ብንታጭ ልባችንን አስፍተን እንድንኖር ያደፋፍረናል።

በ1992 ዊንዶውስ 3.1 ሲወጣ ማንም ሰው ልዩ ልዩ የፊደል መልክ፣ ማለት ፎንት፣ ጨምሮ መጠቀም ቀላል ሆነለት። የእኛም ፎንት ሠሪዎች አንድ ብልሃት አገኙ፤ የላቲኑን ፊደል መልክ አውጥተው በቦታው የአማርኛውን መልክ አስገቡ። ሰው ኪቦርዱን ሲመታ በስክሪኑ ላይ «ሀ» ይታየዋል፤ መጋቢው ግን በመዝገቡ የጻፈው የላቲን ፊደል ወይም አንድ ነጥብና ሰረዝ ነው። አማርኛው ጭምብል ነበር እንጂ ፊት አልነበረም ማለት ነው። አንድ ፎንት ፊደሉን ሁሉ ስለማይችል አንዳንዶቹ በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈሉት፤ ሌሎቹ እንደ ጽሕፈት መኪናው ግንድና ቅጥያ ገጣጠሙ። ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም ፕሮግራሞች በየመሥሪያ ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ ገቡ። ሁሉም ፊደሉን የደረደረው በራሱ መንገድ ነበርና በአንዱ የተጻፈውን ሌላው አያነበውም ነበር። እነዚህን ሰዎች ልንነቅፋቸው አንወድም። በሩ ጠባብ በነበረበት ጊዜ አገሩን በአማርኛ ያስጻፉት እነርሱ ናቸው፤ እነርሱ ባይኖሩ ያ ሁሉ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይጻፍ ወይም ሳይጻፍ ይቀር ነበር።

የባቢሎኑን ግንብ መልክ የያዘው ይህ ድርድር መፍትሔ ያገኘው ከውጭ ነው። ዩኒኮድ የተባለው ማኅበር ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው አንድ የማይለወጥ ቍጥር ለመስጠት ተነሣ። በ1999 በወጣው በ3.0 እትሙ የኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» 4608 ነው፤ «ለ» 4616 ነው፤ በቶኪዮም በቢቸናም ያው ነው። ልዩነቱን ያስተዋለ አንባቢ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ እንደ ተሰጠ ይረዳል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፅ፣ ስምንተኛው ለዲቃላው መሆኑ ነው። በ2005 ደግሞ ከተጨመሩት ምልክቶች መካከል አሥር የዜማ ምልክቶች ይገኛሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቍርጥ እየተባሉ በድጓ መስመር ላይ የሚጻፉት ምልክቶች፣ ይኸው የዓለም ቍጥር ተሰጥቷቸው በኮምፒውተር መዝገብ ገብተዋል። በጎጃም ለተወለደ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ቍጥር መስጠት አንድ ነገር ነው፤ መጋቢው ቍጥሩን እንዲያውቅ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የእኛን ፊደል መልክ ከራሱ ጋር ይዞ አልመጣም ነበር። ስለዚህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ሲከፈት ባዶ ሣጥን በባዶ ሣጥን ላይ ተደርድሮ ይታይ ነበር። በዚያ ጊዜ በነፃ የሚታደሉ ፎንቶች ሰዉን ጠቅመዋል፤ አቢሲኒካ የተባለው አንዱ ሲሆን፣ ሰናምርምር በተባለው ሥራ የተዘጋጁት ሌሎቹ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱን «ዋሸራ» ብለውታል። የጎጃም የቅኔ ቤት ስም በኮምፒውተር ፎንት ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ ማየት ለእኛ ደስ የሚያሰኝ ነው። በ2007 መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ግን ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ኒያላ የተባለውም በአገራችን ብቻ በሚገኘው በደጋ አጋዘን ስም ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው አማርኛ ለማንበብ ምንም መጫን አላስፈለገውም። በዊንዶውስ 10 ኒያላ ከአማራጭ ክፍሎች ጋር ስለ ተቀመጠ፣ አሮጌ ጽሑፍ በኒያላ ተጽፎ መልኩ ተለውጦ ለሚታየው ሰው፣ ከሴቲንግ ውስጥ አማራጭ ክፍሎች ከሚለው ገብቶ የኢትዮጵያን ፎንት ማስጨመር ይበቃዋል። ለዚህ ፎርማት የሚያደርግ አለ ቢባል ላያምነን የሚችል አንባቢ ይኖራል፤ ነገር ግን አለ።

አሁን ይህ ታሪክ በአንድ የዲማ ቤት ያደረሰውን እንናገር። በዚያ ቤት ከአዲስ አበባ የመጣ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። የቤቱ ልጅ ከጎረቤት ካሉ አንድ የቅኔ መምህር እግር ሥር እየተቀመጠ፣ የኔታ የሚነግሩትን ቅኔ ማታ ማታ በኮምፒውተሩ ላይ ይጽፍ ነበር። ቅኔ እንደሚታወቀው ለዕለቱ ይዘረፋል፤ አንድ ጊዜ ከተባለ በኋላ ተመልሶ አይባልም፤ ተማሪ በልቡ ካልያዘው በቀር ቅኔ ቤቱ ራሱ መዝገብ አያኖርለትም። በኋላ የኔታ ዐረፉ። ልጁም ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሄደ። ኮምፒውተሩ እየዘገየ ስለ ሄደ ቤተሰቡ ወደ አንድ ጥገና ቤት ላኩት፤ ሲመለስም ፈጣንና ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። የቅኔው ፋይል በዲ ድራይቭ ስለ ነበረ፣ ፎርማት የተደረገው ደግሞ ሲ ድራይቭ ብቻ ስለ ሆነ፣ ፋይሉ አልጠፋም። ሲከፍቱት ግን ከገጽ እስከ ገጽ የላቲን ፊደልና የቅንፍ፣ የመቶኛ፣ የቃለ አጋኖ ምልክት ሆኖ አገኙት። አባትየው ቫይረስ በልቶታል ብለው አዘኑ። ቦታ እንዳይዝ ይደምሰስ የሚል ምክርም መጥቶ ነበር።

እኛ ይህን የሰማነው የመጽሔቱን ጽሑፍ ለማሰባሰብ ስንዞር ነው። ሄደን አየነው። ከላይ የተናገርነውን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ፋይሉን የበላው የለም፤ የጠፋው ጭምብሉ ነው። የቀድሞው ፕሮግራም ከነፎንቶቹ በሲ ድራይቭ ላይ ስለ ነበረ ከአሮጌው መጋቢ ጋር አብሮ ተሰናብቷል። ዎርድ የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ ፎንቱ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ባይኖር እንኳ፣ ጠቋሚውን በጽሑፉ ላይ ሲያቆሙት፣ የተጻፈበትን ፎንት ስም በላይኛው ሣጥን ውስጥ ያሳያል። ስሙን ከዚያ አነበብን። ቤተሰቡ የድሮውን ሲዲ ከቁም ሣጥን ፈልገው አወጡ፤ ሲዲው ቢጫጫርም ፎንቶቹን ለመቅዳት በቃ። ፎንቶቹን በዊንዶውስ የፎንት ፎልደር ውስጥ ገልብጠን ዎርድን ዘግተን ስንከፍተው፣ ጉባኤ ቃናው፣ ዘአምላኪየው፣ መወድሱ በየተራው ታየ። አባትየው መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡ፤ እኛም ዝም አልን።

ከዚህ የተነሣ ሁለቱን ሕመሞች መለየት ለማንም የቤት ኮምፒውተር ላለው ሰው አስፈላጊ ነው እንላለን። አማርኛው ባዶ ሣጥን ሆኖ ከታየ ፊደሉ ጤነኛ ነው፤ ቍጥሩ በትክክል ተጽፏል፣ የጐደለው ልብሱ ብቻ ነው፤ አንድ የዩኒኮድ ፎንት ሲጨመር ይድናል። አማርኛው የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ከታየ ግን ጽሑፉ ከጥንቱም በአማርኛ ቍጥር አልተጻፈም፤ ማንኛውም የዩኒኮድ ፎንት አያድነውም፣ የሚያድነው ያው የተጻፈበት ፎንት ነው። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ላቲን ሆኖ ነገር ግን ዘዬ ያለባቸው እንግዳ ፊደላት ሦስት ሦስት እየሆኑ ሲደጋገሙ የታየ እንደ ሆነ፣ ዩኒኮዱ ደኅና ሆኖ ፕሮግራሙ እንደ ባይት ቈጥሮ ስላነበበው ነው። በዚህ ጊዜ ፋይሉ ሲከፈት አነባበቡን ዩቲኤፍ-8 ማለት ይበቃል። ሦስቱም በውጭ ሲያዩዋቸው «ተበላሽቷል» የሚያሰኙ ናቸው። ለአንዳቸውም ግን ፎርማት መድኃኒት አይደለም፤ ሁለተኛውንማ ይብሱን ያባብሰዋል።

ጭምብሉን መመለስ ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ ነገ ሌላ ፎርማት ይመጣልና። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ያስፈልጋል። ዳንኤል ያዕቆብ ያሉበት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ለዚህ የሚሆን የዎርድ ፋይል መለወጫ አውጥቷል፤ ከአሮጌዎቹ ፎንቶች ብዙዎቹን ያውቃል። የየኔታን ቅኔ በዚህ መንገድ ለወጥነው። መለወጫው ግን ሰው አይደለም። አንዳንዱ ፊደል በሁለት ፎንት ተከፋፍሎ የተጻፈ ስለ ነበረ በተሳሳተ ቤት የወጣ ቃል አጋጠመን፤ በቅኔ ደግሞ አንዲት ፊደል ስትሳሳት ወርቁ ሰም፣ ሰሙም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ከፍተን፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከተለ፣ በቅኔ ቤት ያለፈ አንድ ዘመድ ደግሞ እያረመን ጨረስን። አሮጌውን ፋይል አልደመሰስንም። አዲሱ በፍላሽ፣ በሌላ ኮምፒውተርና በወረቀት ታትሞ ተቀምጧል።

ስለ ሌሎቹ ሕመሞች ባጭሩ እንለፍ፤ ነገር ግን የቫይረሱን ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባም። በአገራችን ኢንተርኔቱ ውድና ዘገምተኛ በነበረበት ዘመን ፋይል ከቤት ወደ ቤት የሚጓዘው በፍላሽ ነበር፤ ቫይረሱም አብሮት ተጓዘ። በብዛት የታወቀው ሰው «ሾርትከት ቫይረስ» የሚለው ነው። ሥራው ይህ ነው፤ እውነተኞቹን ፎልደሮች ይደብቅና በስማቸው አቋራጭ ምልክት ያስቀምጣል፤ ሰውየው ፎልደሩን የከፈተ መስሎት አቋራጩን ሲነካ ቫይረሱን ራሱ ያስነሣል። ፋይሉ አልጠፋም፤ ተደብቆ በዚያው በፍላሹ ላይ አለ። ፍላሹ ሞልቷል እየተባለ ውስጡ ባዶ መስሎ ከታየ ምልክቱ ይህ ነው። አትሪብ በተባለው ትእዛዝ ከመደበቂያው ይወጣል፤ አቋራጮቹ ይደመሰሳሉ፤ ኮምፒውተሩም በጸረ ቫይረስ ይጸዳል። ይህን የማያውቅ ሰው ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል፤ በዚያች ደቂቃ የጠፋ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳለ መገመት አያስቸግርም።

የቫይረስ ታሪክ የሚያስተምረው ሌላም ነገር አለ። ኮንፊከር የተባለው ትል በኅዳር 2008 ሲታይ ማይክሮሶፍት መከላከያውን ካወጣ ሳምንታት አልፈው ነበር፤ በግንቦት 2017 ዓለምን ያስደነገጠው ዋናክራይም የመጣው መከላከያው ከወጣ ከሁለት ወር በኋላ ነው። የተጐዱት በአብዛኛው ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ሰው ካርዱን ይበላብኛል ብሎ ማሻሻያውን ይዘጋዋል፤ ያለ ፈቃድ ተቀድቶ የሚጫነውም ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ማሻሻያው ተዘግቶ ይመጣል። የሚድነው የካርድ ብር በኋላ ከሚከፈለው የጥገና ብር ጋር ሲነጻጸር ትርፉ የትኛው እንደ ሆነ ወላጆቻችን ያስሉት።

ከሁሉ ይልቅ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ሕመም ደግሞ አለ፤ እርሱም የሰዓቱ ነው። በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ እንደ አዝራር ክብ የሆነች የሦስት ቮልት ባትሪ አለች፤ መብራት በሌለበት ጊዜ ሰዓቱን የምታስኬደው እርሷ ናት። ስትሞት ሰዓቱ ወደ ድሮ ይመለሳል። ባለቤቱም ሊያስተካክለው ሲነሣ የሚያውቀውን ዘመን ይጽፋል፤ 2018 ይላል። ኮምፒውተሩ የሚቈጥረው በአውሮፓ ስለ ሆነ ይህ ለእርሱ ያለፈ ዘመን ነው። የኢንተርኔት ገጾች የሚያቀርቡት የማንነት ማረጋገጫ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ ዘመኑ ወደ ኋላ የተመለሰ ኮምፒውተር ማረጋገጫውን «ገና አልጀመረም» ብሎ ይጥለዋል፤ ገጽ ሁሉ አደገኛ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ሰውየው መስመሩን ይወቅሳል፣ ቫይረስ ይጠረጥራል፣ በመጨረሻም ያው ፎርማት ይታዘዛል። ዊንዶውሱ እንደ ገና ይጫናል፤ ባትሪዋ ግን ያችው የሞተችው ናት፤ በማግሥቱ መብራት ሲጠፋ ነገሩ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጧት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስት ብለው የሚሞሉም አሉ፤ ለኮምፒውተሩ ያ ሌሊት ነው። በዊንዶውስ የሰዓት ክልል ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን የፈለገ ሰው አያገኛትም፤ መምረጥ ያለበት ናይሮቢን ነው፤ ሰዓታችን አንድ ነውና። በሊኑክስ ግን አዲስ አበባ በስሟ ተጽፋለች።

መብራት በድንገት ሲቋረጥ ዕቃ ቤቱ መዝገቡን በመጻፍ ላይ ሳለ እጁን እንደ መያዝ ነው። አዲሶቹ የዲስክ አያያዞች ያልተጨረሰውን ጽሑፍ ለይተው ስለሚያውቁ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይጠግናሉ፤ ቼክ ዲስክ የተባለውም ፕሮግራም ይረዳል። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ትዕግሥት አጥቶ ኮምፒውተሩን ማጥፋት ግን ከመብራቱ መጥፋት የከፋ ነው።

ልጆች ኮምፒውተሩን እንዳይነኩ የሚከለክሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። በ2012 በወንጪና በወሎንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌት ከነሣጥኑ ያለ አስተማሪ ተሰጥቶ ነበር። የዚህ ሥራ መሪ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደ ተናገሩት፣ በታብሌቱ ውስጥ ካሜራው ተዘግቶ ሳለ ሕፃናቱ በአምስት ወር ውስጥ የአንድሮይድን ሥርዓት ዘዴ አግኝተው ከፍተውታል። ይህን የምንጠቅሰው በፊደል ያልሠለጠነ ሕፃን የቻለውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አይችልም እንዳይባል ነው።

በመጨረሻ ስለ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች አንድ ነገር ይቀራል። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ጥበቃ በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 በ2020፣ ለዊንዶውስ 10ም ለተወሰነ ጊዜ ከሚራዘመው በቀር በጥቅምት 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተሮችን አይቀበልም። እንደ እኛ ባለ ገጠር ቀመስ ከተማ ያሉት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ከሌላ ሰው እጅ የመጡ ናቸውና ይህ ነገር በቀጥታ ይነካናል። ከቀሩት መንገዶች አንዱ ሊኑክስ ነው፤ ይህም በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ የጀመረው፣ በነፃ የሚታደል ሥርዓት ነው። ያንን የየኔታን ቅኔ የያዘውን ኮምፒውተር በቤተሰቡ ፈቃድ ፋይሎቹን አስቀድመን ከገለበጥን በኋላ ሊኑክስ ጫንበት፤ አቢሲኒካ የተባለው ፎንትም በነፃ ተገኘለት። አማርኛ የሚጻፍበት የኪቦርድ ዘዴ ይትና ፍርድ ይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ዓመታት አማርኛን በላቲን ፊደል ለመላላክ ያዘጋጁት «ሰራ» የተባለው አጻጻፍ ነው። በዚህ ዘዴ ትንሿ ቲ «ት»ን፣ ትልቋ ቲ «ጥ»ን ትሰጣለች፤ ትንሿ ሲ «ች»ን፣ ትልቋ ሲ «ጭ»ን ትሰጣለች። አባትየው አሁን የሚለማመዱት ይህንኑ ነው፤ በየቀኑ አንዳንድ መስመር ይጽፋሉ፤ ትልቁን ፊደል ለማምጣት የሚያዘው ቁልፍ ግን እስካሁን ያስቸግራቸዋል።